የሐሞት ቱቦን «እደግ» የሚለው ማነው?

የውሃ ቱቦ አንዴ ከተገጠመ በኋላ አያድግም። ጉበታችሁ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነው። ጉበት የሚሠራው ሐሞት ወደ አንጀት የሚወርድባቸው ቱቦዎች ውስጣቸው በሕያው ሕዋሳት የተለበጠ ነው። እነዚህ ሕዋሳት ደግሞ ሆርሞን ይሰማሉ።

ምሳ በላችሁ እንበል። ከጨጓራ የወጣው አሲድ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ሴክሪቲን የሚባል ሆርሞን ደም ውስጥ ይገባል። (እ.ኤ.አ. በ1902 ቤይሊስና ስታርሊንግ ለንደን ውስጥ ሲያገኙት «ሆርሞን» የሚለው ስም እንኳ ገና አልወጣም ነበር!) የቱቦው ሕዋስ ሴክሪቲንን ሲቀበል ውስጡ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ መልእክተኛ ይበዛል፤ ውሃና ባይካርቦኔት ያፈስና ሐሞቱን ያቀጥነዋል።

እስካሁን ቀላል ነው። ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው፦ ያው መልእክተኛ ሕዋሱን «ተባዛ»ም ሊለው ይችላል። የአይጥ የሐሞት ቱቦ ታስሮ ሲዘጋ ሕዋሳቱ ይባዛሉ፤ ሴክሪቲን እንዳይሠሩ ዘረመላቸው በተቀየረ አይጦች ላይ ግን መባዛቱ ይቀንሳል። ኢስትሮጅንም እንደ ነዳጅ ይገፋል። ፍሬኑ ሶማቶስታቲን ነው፤ መልእክተኛውን ይቀንሰዋል።

ይሄ የላብራቶሪ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዘር በሚወረስ አንድ በሽታ ከእነዚሁ ሕዋሳት የሚነሱ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ጉበትን ይሞሉታል፤ ሆድ ይነፋል፣ መብላት ያስቸግራል። ብዙውን ጊዜ በሴቶች ላይ ይከፋል፤ ኢስትሮጅንን አስታውሱ። ሐኪሞች ሶማቶስታቲንን የሚመስል መርፌ፣ ለምሳሌ ላንሪዮታይድ፣ ሲሰጡ ጉበቱ በመጠኑ ይቀንሳል። መርፌው ሲቆም ግን መልሶ ማደግ ይጀምራል።