ፓወር፣ ኃይል ወይስ ጉልበት?

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በዓመት ምን ያህል ኃይል ያመነጫል? ይህን ጥያቄ በአንድ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ለተማሪዎቼ አቀረብሁ። ከሀብሩ ወረዳ የመጣ አንድ ጎበዝ ተማሪ «5,150 ሜጋ ዋት» ሲል መለሰ። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ስሕተት ነው። ያሳሳተው የሒሳብ ድክመት ሳይሆን እኔ ራሴ በጥያቄዬ ውስጥ ያስገባሁት ቃል ነበር።

እንግሊዝኛ ፎርስ፣ ኢነርጂና ፓወር የሚላቸውን ሦስት ነገሮች እኛ ብዙ ጊዜ «ኃይል» በሚለው አንድ ቃል እንጠራቸዋለን። የተቋሞቻችን ስም ምስክር ነው። በ«አየር ኃይል» ውስጥ ኃይል ፎርስ ነው፤ በ«ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል» ውስጥ ፓወር ነው። የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ደግሞ ባዕዱን ቃል እንዳለ ወስዶታል።

«ፓወር» ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ቃል ነው፤ ሥሩም «መቻል» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ግስ ነው። የንጉሥ ሥልጣን፣ የታላላቅ መንግሥታት ኃያልነትና የሞተር ብርታት ሁሉ በዚሁ ቃል ይጠራሉ። «ኢነርጂ» ከግሪክ የመጣ ሲሆን፣ በዛሬው ሳይንሳዊ ትርጉሙ የሠራበት እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ በ1807 እ.ኤ.አ. ነው። መደናገሩ ግን የእኛ ብቻ አልነበረም። ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ በ1847 እ.ኤ.አ. ኢነርጂ እንደማይጠፋ ያስረዳበትን ዝነኛ ጽሑፉን የሰየመው «ፎርስ» በሚል አቻ ቃል ነበር።

ልዩነቱን ከቀዬአችን በተወሰደ ምሳሌ እንመልከት። ግማሽ ኩንታል ማንጎ ከመርሳ ወደ ወልድያ ይጓዛል እንበል። ወልድያ ከመርሳ 500 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። የመንገዱን ሰበቃ ትተን፣ ማንጎውን ወደዚያ ከፍታ ለማድረስ ብቻ 250,000 ጁል ገደማ ኢነርጂ ያስፈልጋል። ጭነቱ በመኪናም ይሂድ በአህያ ይህ መጠን አይለወጥም። መኪናው በአንድ ሰዓት ቢያደርሰው ለማንጎው የዋለው ፓወር 69 ዋት ያህል ነው፤ አህያዋ በስምንት ሰዓት ብታደርሰው ግን 9 ዋት እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ፓወር ሥራው የሚከናወንበት ፍጥነት ነው። ፎርስ ደግሞ የአህያዋን ጀርባ የሚጫነው ክብደት ነው።

ወደ ግድቡ እንመለስ። 5,150 ሜጋ ዋት ተርባይኖቹ በሙሉ አቅማቸው ሲሠሩ የሚኖረው ፓወር ነው። ዓመቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት ቢሠሩ 45,000 ጊጋ ዋት ሰዓት ያህል ኢነርጂ በተገኘ ነበር። የወንዙ ውኃ ግን የተወሰነ ነውና የሚጠበቀው ዓመታዊ ምርት 15,700 ገደማ፣ ማለትም ከሲሶው በጥቂቱ የሚበልጥ ነው። ይህን ያልለየ ሰው ከግድቡ የማይገኘውን ይጠብቃል። የውኃ መሳቢያ ሞተር የሚገዛ ገበሬም እንዲሁ ነው፤ የፈረስ ጉልበቱ የሚነግረው ውኃው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወጣ እንጂ ለወቅቱ መስኖ የሚበቃውን ነዳጅ አይደለም።

አማርኛችን ለዚህ የሚሆን ቃል አላጣም። ዳገቱን ወጥቶ «ጉልበቴ አለቀ» የሚል መንገደኛ፣ ቃሉ የእግሩም መገጣጠሚያ ስም ቢሆን፣ ያለቀበት ኢነርጂ መሆኑን ሳያውቅ ይናገራል። ስለዚህ ፎርስን ኃይል፣ ኢነርጂን ጉልበት፣ ፓወርን አቅም ብንል እላለሁ። «የፈረስ ጉልበት» የሚለው የቆየ አጠራር ከዚህ ጋር እንደሚጋጭ አልዘነጋሁም። ሌላ የተሻለ ምርጫ ያለው ቢኖርም አልከራከርም፤ ዋናው አንዱን ቃል ለአንድ ነገር ብቻ ማዋላችን ነው። እስከዚያው ድረስ የዚያን ተማሪ ማርክ አልቀነስሁም፤ ጥያቄዬን ግን አርሜአለሁ።