ባዶው ኮምፒዩተር ለማን ይታዘዛል?
ስርዓተ ክወናን በኔትወርክ የማዳረስ ዘዴና ጣጣው

አንድ የኮምፒዩተር ቤተ ሙከራ በአዳዲስ ማሽኖች ሲሞላ፣ ከካርቶን ወጥተው ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩት ኮምፒዩተሮች ገና ለሥራ ዝግጁ አይደሉም። ዊንዶውስም ይሁን ሊኑክስ፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ተቋሙ የመረጠው ስርዓተ ክወና፣ በተለምዶ አጠራሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ መጫን ይኖርበታል። የጽሕፈቱ፣ የስሌቱና የፕሮግራም መጻፊያው ሶፍትዌር ከዚያ በኋላ ይከተላል። አንድ ባለሙያ ፍላሽ ይዞ ከወንበር ወደ ወንበር እየተዘዋወረ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ 1 ሰዓት ቢያጠፋ፣ 40 ኮምፒዩተሮችን ለማዳረስ አንድ ሙሉ የሥራ ሳምንት ይፈጅበታል። ቁጥሩ በባንኮችና በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች እንደሚታየው ወደ ሺዎች ሲያድግ ደግሞ ይህ አሠራር ጨርሶ የሚታሰብ አይሆንም።

ለዚህም ነው ትልልቅ ድርጅቶች ስርዓተ ክወናውን ከአንድ ማዕከላዊ ሰርቨር በኔትወርክ አማካይነት ወደ ሁሉም ኮምፒዩተሮች የሚልኩት። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ በውስጡ ምንም የሌለው ኮምፒዩተር እንዴት ራሱን ከኔትወርክ እንደሚያስነሳ፣ አንድ ቅጂም እንዴት በአንድ ጊዜ ለብዙዎች እንደሚዳረስ እንመለከታለን። ይህን ሁሉ የሚያስችለው ኮምፒዩተሩ ለሚሰማው ድምፅ ያለው እምነት ነውና፣ የዚያ እምነት ዋጋ ምን እንደሆነም እንዳስሳለን።

መናኸሪያ ላይ የወረደ እንግዳ

ነገሩን ስናስበው አንድ እንቆቅልሽ ይገጥመናል። ኮምፒዩተር ከኔትወርክ ፋይል ለማምጣት ፕሮግራም ያስፈልገዋል፤ ፕሮግራሞችን የሚያሠራው ስርዓተ ክወናው ነው፤ ስርዓተ ክወናው ግን ገና ወደፊት የሚመጣው ራሱ ነው። እንቆቅልሹን የሚፈታው በማዘርቦርዱ ወይም በኔትወርክ ካርዱ ላይ በቋሚነት የተቀመጠ አነስተኛ ፕሮግራም ሲሆን ፈርምዌር ይባላል። ሃርድ ዲስኩ ባዶ ቢሆንም ፈርምዌሩ አለ።

ሐሳቡ ዕድሜ ጠገብ ነው። ሃርድ ዲስክ እጅግ ውድ በነበረበት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ዲስክ የሌላቸው ኮምፒዩተሮች በየጊዜው ከሰርቨር ይነሱ ነበር። ለዚህ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1985 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ቢል ክሮፍትና የሰን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያው ጆን ጊልሞር ቡትፒ የተባለ ፕሮቶኮል፣ ማለትም የመግባቢያ ደንብ፣ አወጡ። ከእርሱ የተወለደው ዲኤችሲፒ እ.ኤ.አ. በ1993 ተከተለ፤ ዛሬ ስልካችን ከዋይፋይ ጋር ሲገናኝ አድራሻ የሚያገኘው በዚሁ ደንብ ነው። ኢንቴል ኩባንያም በእነዚህ ላይ ተመሥርቶ ፒኤክስኢ የተባለውን ሥርዓት አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የሥርዓቱ 2.1ኛ እትም በመላው ዓለም በግል ኮምፒዩተሮች ላይ ተስፋፋ። ባለሙያዎች አሳጥረው "ፒክሲ" ይሉታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ገና የበራው ኮምፒዩተር የአይፒ አድራሻ የለውም፤ ሰርቨሩ በየት በኩል እንዳለም አያውቅም። በእጁ ያለው በኔትወርክ ካርዱ ላይ ፋብሪካው የጻፈለት ባለ 48 ቢት መለያ ቁጥር፣ የማክ አድራሻ የሚባለው፣ ብቻ ነው። ሁኔታው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተማ መጥቶ መናኸሪያ ላይ የወረደን እንግዳ ይመስላል። እንግዳው የሚጠይቀውን ሰው በስም ስለማያውቅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጣራል። ኮምፒዩተሩም በአካባቢው ኔትወርክ ላይ ላሉት ሁሉ የሚደርስ መልእክት ይለቃል፤ "ቁጥሬ ይህ ነው፤ ከኔትወርክ መነሳት እፈልጋለሁ፤ የሚያስተናግደኝ ማነው?" እንደማለት ነው። ሰርቨሩ ሦስት ነገሮችን ይመልስለታል፦ የሚጠቀምበትን አድራሻ፣ ፋይል የሚያገኝበትን ሰርቨር አድራሻ፣ እንዲሁም የፋይሉን ስም። ኮምፒዩተሩ ፋይሉን አምጥቶ በቀጥታ ሥራ ያስጀምረዋል።

እዚህ ላይ አንባቢያን አንድ ነገር ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን። እንግዳችን መልስ የሰጠው ሰው እውነተኛ አስተናጋጅ ይሁን ወይም አጋጣሚውን የሚጠባበቅ ደላላ፣ በመሠረታዊው ሥርዓት የሚለይበት መንገድ የለውም። ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

ጡብ በጡብ

ፋይሉን የሚያመጣው ቲኤፍቲፒ የተባለ ፕሮቶኮል ነው። በጠባብ የማስታወሻ ቦታ ላይ እንዲያድር ተብሎ እጅግ ቀላል ሆኖ የተነደፈ ነው፤ የቀላልነቱ ዋጋ ግን በፍጥነቱ ይከፈላል። ቲኤፍቲፒ በመሠረቱ ፋይሉን በ512 ባይት እየቆራረጠ ይልካል፤ አንዱ ቁራጭ መድረሱ ካልተረጋገጠለት ቀጣዩን አይልክም። ጡብ እየተቀባበሉ የሚሠሩ ሁለት ሠራተኞችን እናስብ። አቀባዩ ታች ቆሞ አንድ ጡብ ይወረውራል፤ ከላይ ያለው "ያዝኩ" እስኪለው ድረስ ሁለተኛውን አያነሳም።

ስሌቱን እንየው። የመልእክትና የማረጋገጫ ደርሶ መልስ 1 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ይፈጃል ብንል፣ በሰከንድ 1000 ቁራጭ፣ ማለትም 512,000 ባይት ያህል ይተላለፋል። 20 ጊጋባይት የሚመዝን የተሟላ የስርዓተ ክወና ቅጂ በዚህ አካሄድ ወደ 11 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የኔትወርኩ መስመር በሰከንድ 1 ጊጋቢት የሚያሳልፍ ቢሆን እንኳ ፋይዳ የለውም፤ መንገዱ ሰፊ ነው፣ የሚጓዝበት ግን አንድ መኪና ብቻ ነው። ሰርቨሩ በሌላ ከተማ ሆኖ ደርሶ መልሱ 50 ሚሊ ሰከንድ ቢሆንማ፣ 300 ሜጋባይት የምታክል አነስተኛ ፋይል ብቻዋን ከ8 ሰዓት በላይ ትፈጃለች። ከዚህም ሌላ የቁራጮቹ ተራ ቁጥር በ16 ቢት የሚጻፍ በመሆኑ ከ65,535 አያልፍም፤ በመሆኑም በመጀመሪያው ደንብ መሠረት ከ32 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል መላክ አይቻልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ቁራጮቹን ለማሳደግ የሚያስችል ደንብ ተጨምሮበት ችግሩ ተቃልሏል።

ስለዚህ ቲኤፍቲፒ የሚሸከመው የመጀመሪያውን ቀላል ጭነት ነው። የሚመጣው ፋይል ሃርድ ዲስክ ሳይነካ በራም ላይ ብቻ የሚሠራ ጊዜያዊ ስርዓተ ክወና ይከፍታል። ይህ ጊዜያዊ ሥርዓት ከሰርቨሩ ጋር በተሻለ ፕሮቶኮል ይነጋገራል፤ ሃርድ ዲስኩን ይከፋፍላል፤ ዋናውን ቅጂ አምጥቶ ያሰፍርና ማሽኑን እንደገና ያስነሳዋል። ኮምፒዩተሩ ከዚያ በኋላ ከራሱ ዲስክ ይነሳል።

በር ከማንኳኳት ነጋሪት መጎሰም

በሰከንድ 1 ጊጋቢት በሚያሳልፍ መስመር 20 ጊጋባይት ለአንድ ኮምፒዩተር ለመላክ፣ ሌላ እንቅፋት ከሌለ፣ 160 ሰከንድ ይበቃል። ሰርቨሩ ለ40 ኮምፒዩተሮች ለየብቻ ቢልክ ግን ያው መስመር ያንኑ ቅጂ 40 ጊዜ ማሳለፍ ስላለበት 1 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ይሆናል። ለ400 ከሆነ ወደ 18 ሰዓት ይጠጋል። ይህ አዋጅን በየቤቱ በር እያንኳኩ ከመንገር ጋር አንድ ነው። አባቶቻችን ግን ሕዝቡን ገበያ ላይ ሰብስበው ነጋሪት ይጎስሙ ነበር፤ አዋጁ አንድ ጊዜ ይነገራል፣ ሁሉም ይሰማል።

በኔትወርክ ዓለም የነጋሪቱን ሥራ የሚሠራው መልቲካስት ነው። መሠረታዊ ደንቡን ስቲቭ ዲሪንግ እ.ኤ.አ. በ1989 አወጣው። ሰርቨሩ እያንዳንዱን ፓኬት የአንድ ኮምፒዩተር ባልሆነ፣ የቡድን በሆነ አድራሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይልካል፤ ፓኬቱን ለቡድኑ አባላት የሚያባዙት በመንገድ ላይ ያሉት ስዊቾች ናቸው። 40ም ሆኑ 400፣ ሰርቨሩ የሚያወጣው ያንኑ 20 ጊጋባይት ነው። ስዊቹ የቡድኑ አባላት በየትኛው ገመድ ላይ እንዳሉ እንዲከታተል ካልተዘጋጀ ግን፣ አዋጁን ለማይመለከታቸውም ጭምር ያጎርፈዋል። በዚያች ሰዓት በሌላው ክፍል ያለ ሠራተኛ ኔትወርኩ ለምን እንደተንቀራፈፈበት ግራ ቢገባው አያስደንቅም።

ሌላው ችግር የጎደለውን ማሟላት ነው። 400 ተቀባዮች ለእያንዳንዱ ፓኬት "ደርሶኛል" ቢሉ ሰርቨሩ በማረጋገጫ ብዛት ይጥለቀለቃል። ስለሆነም አንዱ መፍትሔ ያመለጠው ብቻ እንዲናገር ማድረግ ነው። ይህም ሆኖ አንድ ዘገምተኛ ዲስክ ያለው ማሽን ቡድኑን በሙሉ ሊያዘገይ ይችላል። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ሰርቨር 2008 አር2 ላይ ተቀባዮችን በፍጥነታቸው እስከ 3 ጭፍራ ከፍሎ የመላክን አማራጭ ያስገባው ለዚህ ነው። ክሎንዚላ የተባለው ነጻ ሶፍትዌርም ቅጂን በመልቲካስት ያዳርሳል፤ ፈቃድ የመግዛት አቅም ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ልንጠቁመው የምንወደው እርሱን ነው።

የአንዱ መታወቂያ በአርባዎቹ ኪስ

የሚላከው ቅጂ ከየት ይመጣል? ብዙውን ጊዜ አንድ ናሙና ኮምፒዩተር በሚገባ ተሰናድቶ የዲስኩ ይዘት እንዳለ ይገለበጣል። እዚህ ላይ ግን ቅጂው ናሙናው የያዘውን ምስጢር ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ሊኑክስ ሲጫን ለማሽኑ ብቻ የሚሆን መለያ ቁጥርና የምስጢር ቁልፎች ይፈጥራል፤ ዊንዶውስም ኤስአይዲ የሚባል መለያ አለው። ሳይጸዳ የተገለበጠ ቅጂ የአንዱን መታወቂያ በአርባዎቹ ኪስ ይከታል። ለዚህም ዊንዶውስ ሲስፕረፕ የተባለ ማጽጃ ፕሮግራም አለው።

ስለ ኤስአይዲ የተነሳው ክርክር አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የማይክሮሶፍቱ ማርክ ሩሲኖቪች፣ የማሽን ኤስአይዲ መደጋገም ያመጣል የተባለው ችግር ተረት ነው ሲል ጻፈ፤ መለያውን የሚቀይረውን የራሱን ፕሮግራምም ከአገልግሎት አወጣ። ኩባንያው ግን በሲስፕረፕ ያልጸዳን ቅጂ አልደግፍም ማለቱን አልተወም። እ.ኤ.አ. በ2025 ለዊንዶውስ 11 የወጡ ማሻሻያዎች የኤስአይዲ ቁጥጥሩን ሲያጠብቁ፣ አንድ ዓይነት መለያ ያላቸው ማሽኖች እርስ በርስ መተማመን አቅቷቸው አገልግሎት ሲከለካከሉ ታየ። ለብዙ ዓመታት ያለ ጉዳት የቆየው አቋራጭ በአንድ ማሻሻያ ምክንያት ችግር ሆኖ ብቅ አለ።

አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ

በሌሊት 400 ኮምፒዩተሮችን የሚያሰናዳው ኃይል፣ በሌሊት 400 ኮምፒዩተሮችን ሊያጠፋም ይችላል። በአሜሪካ አትላንታ የሚገኘው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ በግንቦት 2014 እ.ኤ.አ. የደረሰበት ይህ ነው። ዩኒቨርሲቲው በወቅቱ እንዳስታወቀው፣ ዊንዶውስ 7ን የሚጭን ትእዛዝ በስሕተት ወደ ዊንዶውስ ማሽኖች ሁሉ ተላከ፤ ላፕቶፖች፣ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች፣ ሰርቨሮች ጭምር። የትእዛዙ የመጀመሪያ ተግባር ዲስኩን እንደገና መከፋፈልና መደምሰስ ነበር። ስሕተቱ ታውቆ ትእዛዙን የሚያሰራጨው ሰርቨር ሲጠፋ፣ እርሱ ራሱም ተደምስሶ ነበር። ማሽኖቹ ባዶ አልነበሩም፤ የሠራተኞቹ ሥራ የሚከናወንባቸው ነበሩ። በየማሽኑ የተተከለው የቁጥጥር ፕሮግራም የማዕከሉን ቃል ስለሚያምን ትእዛዙን ፈጸመ። ስለዚህ ጥንቁቅ ተቋማት የጭነቱን ትእዛዝ ተለይቶ ለታወቀ ቡድን ብቻ ይሰጣሉ፤ ሰርቨሮችን ከዝርዝሩ ያስወጣሉ፤ ከማሽኑ ፊት ያለ ሰው ቁልፍ ካልተጫነ ሥራው እንዳይጀመርም ያደርጋሉ።

አሁን ወደ መናኸሪያው ደላላ እንመለስ። በአካባቢው ኔትወርክ ላይ ላፕቶፑን የሰካ ተንኮለኛ ከእውነተኛው ሰርቨር ቀድሞ ቢመልስ፣ ባዶው ኮምፒዩተር የእርሱን ፋይል ሊያስነሳ ይችላል። ሴኪዩር ቡት የተባለው ጥበቃ የሚነሳው ፋይል ዲጂታል ፊርማ እንዳለው ይፈትሻል፤ ሆኖም ፊርማው ፋይሉን ማን እንዳዘጋጀው እንጂ ማን እንደላከው አይመሰክርም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የዩኢኤፍአይ 2.5 ደንብ ቲኤፍቲፒን በኤችቲቲፒ የመተካት መንገድ ከፈተ፤ ምስጢራዊው ኤችቲቲፒኤስ ሲጨመርበት የላኪው ማንነትም ይረጋገጣል። ችግሩ ግን በዚህ አላበቃም። በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ኳርክስላብ የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት፣ ብዙ አምራቾች በሚጠቀሙበት የፈርምዌር ኮድ ውስጥ ከኔትወርክ መነሳትን የሚመለከቱ 9 ክፍተቶችን ይፋ አድርጓል። ኮምፒዩተሩ ገና ከመነሳቱ በፊት ሊጠቃ ይችላል ማለት ነው፤ በዚያች ቅጽበት ደግሞ ፀረ ቫይረስ የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረም። ስለሆነም የጭነቱን ሥራ ከተማሪዎችና ከእንግዶች መስመር በተለየ ኔትወርክ ላይ ማከናወን ይመረጣል።

በቅርብ ዓመታት፣ ማሽኑ ከፋብሪካ የመጣበትን ዊንዶውስ እንደያዘ በኢንተርኔት በኩል የተቋሙን መመሪያና ሶፍትዌር እንዲቀበል የማድረግ ዘዴ ተስፋፍቷል። ኢንተርኔት ፈጣንና ርካሽ በሆነበት ቦታ አመቺ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን 40 ኮምፒዩተሮች እያንዳንዳቸው 5 ጊጋባይት በሰከንድ 20 ሜጋቢት በሚያሳልፍ የጋራ መስመር ቢያወርዱ፣ መስመሩ ለሌላ ምንም አገልግሎት ሳይውል ከ22 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ያው 5 ጊጋባይት አንድ ጊዜ ብቻ ወርዶ በሕንጻው ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ ቢቀመጥ፣ ማውረዱ 33 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ የቀረውን ነጋሪቱ ያደርሰዋል።