ሆዱን ተዉት፣ ጎድኑን ዳስሱ

ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ የፊደል ግድፈት ካለ እለፉኝ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ነጋዴ የአራት ወር ጀርመን ሸፐርድ ቡችላ በባጃጅ ይዘው ክሊኒክ መጡ። እምድብር አጠገብ ለሠሩት ቤት ዘበኛ ይሆናል ብለው ከአዲስ አበባ ያስመጡት ነው። የፊት እግሮቹ ወደ ውጭ ተቆልምመዋል፣ ሲቆም ይንቀጠቀጣል፣ ጀርባውን ስነካው ጮኸ። ጎድኑን ስፈልግ ደግሞ ጣቴ ስብ ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ ምን ይበላል?»

«ኧረ ዶክተር፣ ምን ይጎድልበታል! ቀይ ሥጋ ነው፣ ያውም ጮማ የሌለው። ልጆቼ እንኳ እንዲህ አልበሉም።»

ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። አንድ ቻናል ላይ የተለጠፈ ሠንጠረዥ ነው፤ በሁለት ወር ይህን ያህል ኪሎ፣ በሦስት ወር ይህን ያህል፣ እያለ ይወርዳል። ቡችላው ከሠንጠረዡ ስላነሰ ሥጋው ተጨመረለት። እግሩ ሲጣመም እዚያው ቻናል ላይ ጠየቁ፤ «ሪኬትስ ነው፣ ካልሲየም ስጡት፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቁት» ተባሉ። ሰውዬው የተባሉትን ሁሉ አድርገዋል። በሳቸው አልፈርድም።

እሺ። የሚያድግ ቡችላ ክብደቱ ጤናማ መሆን አለመሆኑ የሚታየው እንዲህ ነው።

1. በእጅ። አውራ ጣቶቻችሁን ጀርባው ላይ፣ የቀሩትን ጣቶች ግራና ቀኝ ጎድኑ ላይ አሳርፉ። ሳትጫኑ ስታሻሹት ጎድኖቹ አንድ በአንድ ከተሰሟችሁ ጥሩ ነው። ለማግኘት መጫን ካስፈለገ ወፍሯል። ከመንገድ ማዶ የሚቆጠሩ ከሆነ፣ የጀርባውና የዳሌው አጥንትም ካገጠጠ፣ ከስቷል። ጸጉሩ የበዛ ቡችላን በዓይን ብቻ አትፍረዱበት።

2. ከላይ። ቆሞ ሳለ ቁልቁል እዩት። ከጎድኑ ቀጥሎ ወገቡ ገባ ማለት አለበት።

3. ከጎን። ሆዱ ከደረቱ ወደ ኋላ እግሩ ከፍ እያለ ይሄዳል። ገና ጡት የጣለ ቡችላ ላይ ብዙም አይታይም፤ እያደገ ሲሄድ ግን መታየት አለበት። እኛ ሐኪሞች ይህን ሁሉ አይተን ከ1 እስከ 9 ነጥብ እንሰጣለን፤ 4 እና 5 ተፈላጊው ነው፣ 9 ከመጠን ያለፈ ውፍረት።

4. ሚዛን። እዚህ ላይ ልቆይ፤ የተናደድኩት በዚህ ነውና።

በዓለም አቀፉ የዘር መመዘኛ አዋቂ ወንድ ጀርመን ሸፐርድ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ነው፣ ሴቷ ከ22 እስከ 32። አንድ ዘር፣ አንድ ጾታ፣ አድጎ ካበቃ በኋላ እንኳ የአሥር ኪሎ ልዩነት! ታዲያ ለአራት ወር ቡችላ አንድ ቁጥር የሚሰጥ ማን ነው? ደግሞስ «ንጹሕ ጀርመን» ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ የስንቱ አያት መርካቶ እንዳደገ ማን ያውቃል። የሌላ ውሻ ኪሎ ለእናንተ ቡችላ አይሠራም። የሚጠቅመው የራሱ አካሄድ ነው። መንገድ ዳር የሰው ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ አይጠፋም፤ ቡችላውን ታቅፋችሁ ተመዘኑ፣ ቀጥሎ ብቻችሁን፣ ቀንሱ። በየሁለት ሳምንቱ በዚያው ሚዛን። ሳያቋርጥ ከጨመረና ጎድኑ ከተዳሰሰ ከማንም ጋር አታወዳድሩት። መጨመሩን ካቆመ ወይም ከቀነሰ ግን አትጠብቁ፣ አምጡት።

ትልቅ ዘር ቡችላ ደግሞ በፍጥነት እንዲወፍር በጭራሽ አይፈለግም። አጥንቱ ገና ነው፣ መገጣጠሚያው ገና ነው፣ እናንተ ኪሎ ትጭኑበታላችሁ። አሜሪካ ውስጥ 48 ላብራዶሮች ከቡችላነታቸው ጀምሮ በጥንድ ተከፍለው ነበር፤ አንደኛው ከጥንዱ 25 ከመቶ ያነሰ ምግብ ይሰጠዋል። ሞተው እስኪያልቁ ተከታተሏቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ታተመ፦ ቀጫጮቹ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ በልጠው ኖሩ፣ የመገጣጠሚያ ሕመሙም ዘግይቶ መጣባቸው። እኛ ግን ቀጠን ያለ ቡችላ ስናይ «ምነው፣ አትቀልቡትም እንዴ?» ብለን ባለቤቱን እናሳፍራለን።

ወደ ሥጋው ልመለስ። በቀይ ሥጋ ውስጥ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ከ15 እስከ 20 እጥፍ ይበልጣል። የሚያድግ ቡችላ የሚፈልገው ግን ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ትንሽ በለጥ ያለበትን ምግብ ነው። ሥጋ ብቻ ሲበላ ደሙ ውስጥ ካልሲየም ያንሳል፤ ሰውነቱ ጉድለቱን ለመሙላት ከራሱ አጥንት ይወስዳል። አጥንቱ ይሳሳል፣ ይጣመማል፣ ከደረጃ ሲዘል ይሰበራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ኪሎው እየጨመረ ነው! በሠንጠረዡ ቢሄዱ ቡችላው «ተስተካክሏል» ማለት ነው።

ፀሐዩስ? ውሻ እንደ ሰው ልጅ በቆዳው ከፀሐይ በቂ ቫይታሚን ዲ አይሠራም። ከምግቡ ነው የሚያገኘው። ይህን የማያውቅ ሰው ስለ ውሻ አጥንት ለሺህ ሰው ምክር ይለጥፋል።

ካልሲየሙም በግምት አይሰጥም። ትልቅ ዘር ቡችላ እስከ ስድስት ወር ገደማ ትርፍ ካልሲየምን የመመለስ አቅሙ ገና አልዳበረም፤ የሰጣችሁትን ይወስዳል። የተመጣጠነ ደረቅ መኖ እየበላ ከፋርማሲ የገዛችሁትን የነፍሰ ጡር ካልሲየም ብትጨምሩበት ሌላ የአጥንት በሽታ ትገዛላችሁ። የሚስተካከለው ምግቡ ራሱ ነው። ለጋሼ የነገርኳቸው፦ ሥጋውን ማቆም፣ ለትልቅ ዘር ቡችላ የተዘጋጀ መኖ፣ አጥንቱ እስኪጠና በጠባብ ቦታ እረፍት፣ ሩጫና ዝላይ የለም። መኖው ይወደድብኛል የሚል ሰው መጥቶ ያነጋግረኝ፤ ከቤት ምግብም በልክ ይሰላል።

አሁን ወደ ተቃራኒው። ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ፣ ጀርባው ግን አጥንት የሆነ ቡችላ እያሳዩኝ «ይኸው ጠግቧል» የሚሉኝ አሉ። አልጠገበም፣ ትል ነው። የወስፋት እጭ ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ ወደ ቡችላው ይገባል፤ ስለዚህ «ከቤት ወጥቶ አያውቅም» አይሠራም። መድኃኒቱ በሁለት ሳምንት ዕድሜው ይጀመራል፣ ሁለት ወር እስኪሞላው በየሁለት ሳምንቱ ይደገማል፣ ከዚያ እስከ ስድስት ወሩ በየወሩ። በኪሎው ተሰልቶ! የከብት አይቨርሜክቲን በመርፌ እየቀዳችሁ በግምት የምትወጉ፣ እባካችሁ።

ሆዱን የነፋው ትል ካልሆነ ደግሞ ባዶ ቆጮ ነው። እኛ ቆጮን ያለ አይብ፣ ያለ ጎመን፣ ያለ ሥጋ አንቀርበውም። ለሚያድገው ቡችላ ግን ባዶውን እንወረውርለታለን። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ ከቁጥር አይገባም። ሆድ ይሞላል፣ ጡንቻ የለም። የተረፈውን ወጥ ማፍሰስም መፍትሔ አይደለም፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል።

መስቀል ሲመጣ ደግሞ በየግቢው ይታረዳል። ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካያችሁ ለውሻ አትጣሉ፣ ጥልቅ አድርጋችሁ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ። ከረጢቱ የሌላ ትል ነው። ይህኛው ትል ውሻውን አያከሳውም፤ አምሮበት፣ ጎድኑ በልኩ ሆኖ፣ ከዓይነ ምድሩ የሚወጣው እንቁላል ልጆቻችሁ ጉበት ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል።

«ለምን ክሊኒክ አታስተምሩም?» ትሉኛላችሁ። በምን? የምሞላው ቅጽ ላይ የከብት፣ የበግ፣ የፍየል፣ የአህያ፣ የዶሮ መደብ አለ። ውሻ የሚታወሰው ሰው ሲነክስ ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉም ይደውላል። ቡችላ የሚመዘንበት ሚዛን ጠይቄ «ውሻ ምርት ነው እንዴ?» ተብያለሁ። የትል መድኃኒቱን ባለቤቶቹ ከግል ፋርማሲ ገዝተው ይመጣሉ፤ ግማሾቹ ሲመለሱ ሻጩ ያላቸውን ይዘው ነው እንጂ እኔ የጻፍኩትን አይደለም። ስድስት ዓመት ቢሾፍቱ የተማርኩት ለዚህ ነው።

ፎቶ ለምትልኩልኝ፦ ቡችላው ቆሞ አንድ ከላይ፣ አንድ ከጎን አንሡ፣ ዕድሜውንና የሚበላውን ጻፉ። ተንጋሎ ሆዱ የሚታይ ፎቶ ልካችሁ «ዶክተር፣ ኪሎው እንዴት ነው?» ለምትሉ አልመልስም።