«ሽጉጥ» እና ሰውሮ መያዝ

«ሽጉጥ» የሚለው ስም «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ከመቀነት ወይም ከልብስ ሥር የሚከተት ማለት ነው። እንግዲህ መሰወር በስሙ ውስጥ አለ። ችግሩ የሚነሣው በአሜሪካ ከልብስ ሥር ለሚያዝ ሽጉጥ አመራረጥ የተጻፈ መመሪያ ሲተረጐም ነው፤ የብዙ ክፍላተ ግዛት ሕጎች መሣሪያን በግልጽ መያዝንና ሰውሮ መያዝን ለይተው ይደነግጋሉና። «ድብቅ መሣሪያ» ብንል፣ ፈቃድ ያለውን ሰው ወንጀለኛ እናስመስለዋለን። «ሽጉጥ መያዝ» ብለን ብንተወው ደግሞ፣ አንባቢው በግልጽ መታጠቅም የተፈቀደለት ይመስለዋል፤ ይህም ለክስ ሊዳርገው ይችላል። ስለዚህ «ሰውሮ መያዝ» እና «በግልጽ መያዝ» የሚሉትን እንመርጣለን።

ለዓይነቶቹ «ባለከበሮ» እና «ባለካዝና» ሽጉጥ እንላለን። የፊተኛው ጥይቱን፣ ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 6፣ በሚዞር ከበሮ ይይዛል፤ የኋለኛው አብዛኛውን ጊዜ በእጀታው ውስጥ በሚገባ ካዝና።

ከሁሉ የሚያሳስተው ግን «ቀላል» የሚለው ቃል ነው፤ የማይከብድም የማያስቸግርም ማለት ነውና። ክብደቱ አነስተኛ የሆነ ሽጉጥ ለመሰወር ቢመችም፣ በዚያው ጥይት ሲተኮስ ከከባዱ ይልቅ እጅን አጥብቆ ይገፋል፤ ለጀማሪ ያስቸግራል። «ቀላል ሽጉጥ ምረጥ» የሚል ትርጉም እንግዲህ የመመሪያውን ምክር ሊገለብጠው ይችላል። «ክብደቱ አነስተኛ» እና «ለአጠቃቀም የማያስቸግር» ተብሎ ይለይ።

ለማኅደሩም «አፎት» የሚለውን ነባር ቃል እናቀርባለን፤ ቃታውን ፈጽሞ የሚሸፍን መሆን እንዳለበት ግን ተርጓሚው ሳይዘነጋ ይግለጽ።