ተጨማሪ መረጃ፦ ሃይድሮጅን ለምጣድ ወይስ ለማዳበሪያ?

ውኃን በኤሌክትሪክ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን መከፋፈል ኤሌክትሮሊሲስ ይባላል። ኤሌክትሪኩ ከውኃ፣ ከነፋስ ወይም ከፀሐይ ከተገኘ ጋዙ «ንጹሕ ሃይድሮጅን» ነው።

በዋግ ኽምራ ድንበር ያለው የተከዜ ግድብ 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ታዲያ ኃይሉን ወደ ሃይድሮጅን ለውጠን ሰቆጣ ላይ እንጀራ እንጋግርበት? ኪሳራ ነው! 1 ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን ለማምረት ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ወደ ኤሌክትሪክ ሲመለስ የሚተርፈው ሲሶው ገደማ ብቻ ነው። ምጣዱን ሶኬት ላይ መሰካት ይበልጣል።

ማዳበሪያ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው፤ አሞኒያ ደግሞ ያለ ሃይድሮጅን አይገኝም። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአስዋን ግድብ ኤሌክትሪክ ከውኃ ሃይድሮጅን እያወጣች ማዳበሪያ ታመርት ነበር።

በአካባቢያችሁ ነዳጅ ወይም ማገዶ የሚፈጁ ሥራዎችን ዘርዝሩ። ኤሌክትሪክ በቀጥታ ሊሠራው የማይችለው የትኛው ነው?