ከመውደቅ በፊት ያለችው ደቂቃ

ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ሲያነሡት "ምን ሆኜ ነው?" ይላል። ረጋ ብሎ ሲያስታውስ ግን ምልክቱ ቀድሞ መጥቶ ነበር፦ ማቅለሽለሽ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማዛጋት፣ የጆሮ መጮኽ፣ ዓይን ላይ የሚወርድ ጨለማ። ይህች ጊዜ ብዙ ሰው ላይ ከደቂቃ አትበልጥም። ያለ መድኃኒት የሚሰጠው ሕክምና ዋናው ሥራው በዚህች ደቂቃ ውስጥ ነው።

ደጋግመው ከሚጥሉት ዓይነቶች በጣም የተለመደው ቫሶቬጋል ይባላል። ሰው ሲቆም ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። የደም ሥሮች ጠበብ ብለው ሊመልሱት ሲገባ በድንገት ይላላሉ፤ ቬገስ የተባለው ነርቭም የልብን ምት ያዘገያል። አንጎል ደም ያጥረዋል፣ ሰውየው ይወድቃል። ሲጋደም ደሙ ስለሚመለስ ወዲያው ይነቃል።

ኩዌት ለዚህ ሕመም ክፉ አገር ናት። እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 2016 ምትሪባ በተባለ ቦታ 53.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተለክቷል። ሙቀት የቆዳን ሥሮች ያሰፋል፤ ላብ ውሃና ጨው ይዞ ይወጣል። ከጁን እስከ ኦገስት መጨረሻ፣ ከረፋዱ 5 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። ክልከላው ግን ደጅ የሚሠራውን ነው የሚጠብቀው። ሳልሚያ ወይም ጃብሪያ በተባሉት የኩዌት ሰፈሮች ምድጃ ዳር የምትውለውን፣ በባዶ ሆዷ ለሰዓታት ቆማ ልብስ የምትተኩሰውን የቤት ሠራተኛ እህታችንን አይጠብቃትም።

ምልክቱ ሲመጣ ምን ታድርግ? ካውያውን ወይም ድስቱን ታስቀምጥ፣ ከእሳቱ ትራቅ። ከቻለች ወዲያው ትጋደምና እግሯን ከፍ ታድርግ። መጋደሚያ ከሌለ እግሯን በእግሯ ላይ አጣምራ ጭኗንና ሆዷን አጥብቃ ትወጥር፤ ወይም ሁለት እጆቿን ቆልፋ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትጎትት፤ ወይም ቁጢጥ ትበል። የተወጠረው ጡንቻ ደሙን ወደ ልብ ይገፋል፤ ግፊቱ በሰከንዶች ውስጥ ከፍ ይላል። ዘዴው በ223 ሕሙማን ላይ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሟል፤ የተለመደውን ምክር ብቻ ካገኙት ግማሽ ያህሉ ዳግም ራሳቸውን ሲስቱ፣ ጡንቻ መወጠርን ከተማሩት ግን የሳቱት ከ100 ሰው 32 ያህሉ ነበሩ። ጤነኛ ሆና ቤቷ ውስጥ ብትለማመደው ቀኑ ሲመጣ አትደናገርም።

የቀረው የየዕለት ጥንቃቄ ነው። በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ውሃ መጠጣት፣ ምግብ አለመዝለል፣ ከአልጋ ቀስ ብሎ መነሣት። ጨው መጨመርም ይረዳል፤ የደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለባት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ግን ሐኪም ሳታማክር አትሞክረው። በጾም ወራት ደግሞ ለንስሐ አባት ሕመምን መናገር አያሳፍርም።

አጠገቧ ያለ ሰው ክብሪት ጭሮ ከማሽተት ይልቅ አስተኝቶ እግሯን ያንሣላት። ደግፎ ማቆም ይጎዳል፤ ደሙ ወደ አንጎል እንዳይመለስ ያደርጋል።

ሁሉም መውደቅ ግን ይህ አይደለም። ሩጫ ወይም ከባድ ሥራ ላይ እያለች፣ ተኝታ ሳለች፣ ወይም ከደረት ሕመም ጋር የወደቀች፣ ወይም ከቤተሰቧ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ያለባት ሴት የልብ ምርመራ ያስፈልጋታል። ሹዌክ ውስጥ በሳባህ የሕክምና ቀጠና ያለው የደረት ሕመሞች ሆስፒታል የአገሪቱ የታወቀ የልብ ማዕከል ነው። ሰውነቷ ግሎ የምትቀባዥር ከሆነ ደግሞ የሙቀት ምት ነውና እያቀዘቀዛችሁ 112 ደውሉ።

ለአሠሪዎችም አንድ ቃል አለን፦ ልብስ የምትተኩስ ልጅ ወንበርና አንድ ጠርሙስ ውሃ አጠገቧ ይኑራት።