ከአዋሽ ሲመለሱ ትኩሳት ቢጀምርዎ

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ብዙዎቻችን ከከተማው ግርግር ወጣ ብለን ንጹሕ አየር መተንፈስ ያምረናል። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ቅዳሜና እሁድን ከሚያሳልፍባቸው ስፍራዎች መካከል አንዱ ደግሞ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ከ200 ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛል። ሳላው በሜዳው ተሰማርቶ፣ ወንዙ በፏፏቴው ቁልቁል ሲወረወር፣ በሰሜን በኩል ደግሞ ፍልውኃው በዘንባባ ዛፎች ተከቦ ይታያል። ድንኳን ተክሎ ማደር፣ በእግር መጓዝና ተፈጥሮን ማየት ለልብም ለአእምሮም ጤና ይበጃል። እኔም ታካሚዎቼ እንዲህ ዓይነት ጉዞ እንዲያደርጉ አበረታታለሁ።

ይሁን እንጂ ከአዋሽ ጉዞ ጋር በተያያዘ በሥራዬ ያጋጠመኝ አንድ ታካሚ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ አድርጎኛል።

ታካሚው የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነበር። ወደ ድንገተኛ ክፍል ያመጡት እናቱና ወንድሙ ናቸው። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ ሽንቱ ጠቁሯል፤ ስሙን ስጠይቀው ተደናግሮ ሌላ ነገር ይመልስልኛል። እናቱ እያለቀሱ፣ «ዶክተር፣ መጀመሪያ ጉንፋን መስሎት ከመድኃኒት ቤት ማስታገሻ ገዝቶ ዋጠ። አልተሻለውም። ኋላ ደም ሰጥቶ ታይፎይድ ነው ተባለ። መድኃኒቱንም ሳያቋርጥ ወስዷል» አሉኝ።

«እናቴ፣ ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ወጥቶ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ኧረ የትም አልሄደም!»

ወንድሙ ግን ትንሽ አሰብ አደረገና፣ «ከጓደኞቹ ጋር አዋሽ ሄዶ ሁለት ሌሊት አድሯል። እሱ ግን ሁለት ሳምንት አልፎታል» አለኝ።

መልሱ እዚያ ውስጥ ነበር። ደሙ ሲመረመር ፋልሲፓረም የተባለው አደገኛው የወባ ዓይነት በብዛት ተገኘ። ወዲያውኑ አርቴሱኔት የተባለው መርፌ ተጀመረለትና ከብዙ ጭንቀት በኋላ ድኖ ወጣ። አንድ ቀን ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። ትኩሳቱ ከጀመረው አምስተኛ ቀኑ ነበር፤ በእነዚያ አምስት ቀናት ውስጥ «የት ነበርክ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም። እሱም ራሱ ጉዞውን ከሕመሙ ጋር አላገናኘውም።

ወባ ለምን ዘግይቶ ይታያል?

በወባ ትንኝ የተነከሰ ሰው በዚያው ሌሊት አይታመምም። ጥገኛ ተሕዋሲው በመጀመሪያ ወደ ጉበት ይሄዳል፤ እዚያ ተራብቶ ወደ ደም ሲወጣ ነው ትኩሳቱ የሚጀምረው። ለዚህም ቢያንስ አንድ ሳምንት ይወስዳል። አብዛኛውን ጊዜ በፋልሲፓረም የተያዘ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ይታመማል። ቫይቫክስ የተባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊቀሰቀስ ይችላል። ስለዚህ ትኩሳቱ ሲመጣ ድንኳኑ ታጥፎ ከተቀመጠ፣ ፎቶውም ለወዳጅ ከታየ ሰንብቷል።

ሌላው ምክንያት የምንኖርበት ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአገራችን ወባ በስፋት የሚታየው ከ2,000 ሜትር በታች በሆኑ አካባቢዎች ሲሆን፣ የአዋሽ ፓርክ ሜዳ ከፍታ 1,000 ሜትር አካባቢ ነው። በቆላ ተወልዶ ያደገ አዋቂ ሰው በተደጋጋሚ ከመያዙ የተነሳ በተወሰነ ደረጃ የመቋቋም አቅም ይኖረዋል። በደጋ ያደገ ሰው ግን ይህ አቅም ስለሌለው በሽታው በፍጥነት ይበረታበታል። «እዚያ ያሉት ሰዎች ምንም አይሆኑም» ብሎ ራስን ማጽናናት የሚያዋጣ አይደለም።

ወቅቱም መታሰብ አለበት። በአገራችን ወባ በዋናነት የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ በሚያዝያና በግንቦት አካባቢ ነው። ሜዳው ለምልሞ ለጉብኝት የሚያምርበት ጊዜ ትንኟ የምትራባበትም ጊዜ ነው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል።

ከመነሳትዎ በፊት

ወደ አካባቢው ከመሄድዎ በፊት የመንገዱንና የፓርኩን ወቅታዊ ሁኔታ ይጠይቁ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ተደጋግሞ ነዋሪዎች ከቀያቸው እስከ መነሳት መድረሳቸው የሚታወስ ነው።

ወባን ለመከላከል የሚወሰዱ መድኃኒቶች አሉ። ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ በቆይታ ጊዜ በየቀኑ፣ ከተመለሱ በኋላም ለ4 ሳምንታት ይወሰዳል። ይሁን እንጂ ለነፍሰ ጡሮችና ከ8 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት አይሰጥም። በመሆኑም ለእርስዎ የሚስማማውን ሐኪምዎ ይወስን እንጂ ከጎረቤት ተውሰው አይውሰዱ። መድኃኒቱን ከጀመሩ ደግሞ «ተመልሻለሁ» ብለው አያቋርጡ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወባ ለእናትም ለጽንስም እጅግ አደገኛ ስለሆነ ጉዞውን ወደ ሌላ ጊዜ ወይም ወደ ደጋ አካባቢ ቢያዞሩት ይመረጣል።

የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከቆይታዎ ቀናት የሚበልጥ ይያዙ። ኢንሱሊን በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ከተተወ ይበላሻል፤ በረዶ ሳይነካው ቀዝቀዝ ባለ ዕቃ ይያዙት።

ሲመሽ ምን ያድርጉ?

የወባ ትንኝ በብዛት የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ነው። በድንኳን ውስጥም ሆነ በሎጅ ሲያድሩ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይጠቀሙ፤ ጫፉንም ከፍራሹ ሥር ይወትፉ። የድንኳኑ ወንፊት ያልተቀደደ፣ ዚፑም የሚዘጋ መሆኑን ከቤትዎ ሳሉ ያረጋግጡ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እጅጌው ረጅም ልብስና ረጅም ሱሪ ይልበሱ፤ ያልተሸፈነው ቆዳዎ ላይ ዲት የተባለ ንጥረ ነገር ያለበትን የትንኝ መከላከያ ቅባት ይቀቡ። እሳት ዙሪያ ተቀምጦ መጨዋወት ደስ ይላል፤ ነገር ግን የእሳቱ ጭስ አጎበርንና ቅባትን አይተካም።

«እኔ የማድረው ከተማ ሆቴል ነው» የሚሉም ይኖራሉ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ከሌላ አገር የገባች የወባ ትንኝ በአገራችን መኖሯ መጀመሪያ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ አዋሽ ሰባት ኪሎን ጨምሮ በምሥራቁ ክፍል በሚገኙ በርካታ ከተሞች ተገኝታለች። ይህች ትንኝ በከተማ ውስጥ በውኃ በርሜልና በማጠራቀሚያ ገንዳ መራባት ትችላለች። ስለዚህ ሆቴል ውስጥም ቢሆን አጎበር ይጠይቁ።

በውኃው ዳር

አዋሽ ወንዝ ውስጥ አዞ አለ። ልብስ ለማጠብም ሆነ ፎቶ ለመነሳት ወደ ውኃው ጠርዝ አይጠጉ፤ ልጆችዎንም እጃቸውን ይያዙ። በፏፏቴው አካባቢ ድንጋዩ ስለሚያሙለጭልጭ ከጫፍ ራቅ ይበሉ። የፓርኩን ስካውት ሳይዙ በእግር ለመጓዝ አይሞክሩ።

በአዋሽ ሸለቆ በዝግታ በሚፈሱና በቆሙ ውኃዎች እንዲሁም በመስኖ ቦዮች ቢልሃርዚያ አምጪ ተሕዋሲ ሊኖር ይችላል። ተሕዋሲው ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በጤናማ ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ ይገባል። ይህም እንደ ወባው ሁሉ ቤት ድረስ ተከትሎ የሚመጣ ነው፤ ትኩሳት፣ የቆዳ ማሳከክ፣ ሳል ወይም የሆድ ሕመም ከሳምንታት በኋላ ሊያስከትል ይችላል። ተገቢው ምርመራ ከተደረገ ፕራዚኳንቴል በተባለ መድኃኒት ይታከማል።

ወደ ፍልውኃው ከሄዱ ከመግባትዎ በፊት ሙቀቱን ይለኩ፤ ገንዳዎቹ ሁሉ እኩል አይሞቁም። የልብ ሕመም ያለባቸው፣ የደም ግፊታቸው ያልተስተካከለ፣ ነፍሰ ጡሮችና አልኮል የጠጡ ሰዎች ባይገቡ ይመከራል። የሚገቡትም ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ወጥተው ውኃ ይጠጡ።

ሙቀትና ንክሻ

ከደጋ የሄደ ሰውነት ሙቀቱን ለመልመድ ቀናት ያስፈልጉታል። የእግር ጉዞዎን ጠዋት በማለዳ ያድርጉ፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጥላ ሥር ይረፉ። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 3 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይያዙ፤ ኦአርኤስም ይጨምሩ። ከእናንተ መካከል አንዱ ራሱን ካዞረው፣ ካቅለሸለሸውና ከደከመው ወደ ጥላ ወስደው ውኃ ያጠጡት። ሰውነቱ እንደ እሳት ግሎ መቀባጠር ወይም መደናገር ከጀመረ ግን ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው፤ ልብሱን አላልተው፣ ውኃ እያፈሰሱና እያራገቡ በፍጥነት ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

እባብ የነደፈውን ሰው ያረጋጉ፤ የተነደፈው እግር ወይም እጅ እንዳይንቀሳቀስ ያድርጉ፤ ቀለበትና ጫማ ያውልቁለት፤ ወዲያውኑም ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። መቁረጥ፣ በአፍ መምጠጥና በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ጉዳቱን ያብሳሉ። ዝንጀሮዎችን አያብሉ፤ የለመደ ዝንጀሮ ምግብ ሲነጥቅ ይነክሳል። በማንኛውም እንስሳ ከተነከሱ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠቡና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንደሚያስፈልግዎ ለማወቅ በዚያው ቀን ሐኪም ያማክሩ።

ከተመለሱ በኋላ

ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ከአዋሽም ሆነ ከሌላ ቆላማ የወንዝ አካባቢ ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት ወይም ማስመለስ ከጀመረዎ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ወባ ነው ብለው ይጠርጥሩ። ማስታገሻ ውጠው ነገን አይጠብቁ፤ ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያበርደዋል እንጂ ወባውን አይነካውም። ትኩሳቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

የጤና ባለሙያው ባይጠይቅዎም እርስዎ ይንገሩት፦ «ከሁለት ሳምንት በፊት አዋሽ አድሬ ነበር፤ የወባ ምርመራ ይደረግልኝ» ይበሉ። ምርመራው ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ይሠራል። አንድ ጊዜ «ወባ የለም» ቢባሉም ትኩሳቱ ካልለቀቀዎ በማግሥቱ እንዲደገም ይጠይቁ። ታይፎይድ ነው ከተባሉም የወባ ምርመራው መሠራቱን ያረጋግጡ፤ ለታይፎይድ በተለምዶ የሚሠራው የደም ምርመራ በወባ የተያዘ ሰው ላይም ታይፎይድ ያለ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላልና።

ወባ መሆኑ ከታወቀ መድኃኒቱ እንደ ወባው ዓይነት ይለያያል። ስለዚህ ያለ ምርመራ ኮአርተም ገዝተው አይጀምሩ፤ የታዘዘልዎን ደግሞ ቢሻልዎም ሳይጨርሱ አያቁሙ። መደናገር፣ መንቀጥቀጥ፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ተደጋጋሚ ማስመለስ ከታየ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ያ ወጣት ለክትትል በመጣ ጊዜ፣ «ዶክተር፣ ከእንግዲህ አዋሽን አላያትም» አለኝ። እኔ ግን እንዲሄድ መከርሁት። ተፈጥሮን ፈርቶ ቤት መዋል ጤና አይደለም። አጎበሩን ይያዝ፤ ሲመለስም ቀኑን በስልኩ መዝግቦ አንድ ወር ራሱን ይከታተል። በዚያ ወር ውስጥ ትኩሳት ከመጣ ከማንኛውም ነገር በፊት «አዋሽ ነበርኩ» ይበል። ለእርስዎም የምለው ይህንኑ ነው።

መልካም ጉዞ!